«ከእግር ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም» የሚለው ከካርዴ እንዲሰረዝልኝ

ለሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ በካርዴ ላይ በቀይ የተጻፈው ቃል ተሰርዞ ደሜ ከእግሬ እንዲወሰድልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካቿ የካርድ ቁጥር 4187 ባለቤት፣ በልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ በመትከል የምተዳደር ሴት ነኝ። ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከሰኞ ጠዋት በፊት እንዲያነቡልኝ የምለምንዎት ጉዳይ የሚከተለው ነው።

1. ከሦስት ዓመት በፊት በቀኝ ጡቴ፣ አምና ደግሞ በግራው ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ከሁለቱም ብብቶቼ ንፍፊት ወጥቷል። ቀኝ እጄ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ወዲህ እንዳበጠ ቀረ። ሐኪሜ ሊምፍዴማ ይባላል፣ ፈሳሹ መመለሻ መንገድ ስላጣ ነው ብለውኛል። የቀሚሶቼን ሁሉ ቀኝ እጅጌ ፈትቼ አስፍቻለሁ። በሥራ ቦታ ጨርቅ ቆራጩ «ይኼ እጅሽ ብቻውን ነው እንዴ ምሳ የሚበላው?» ይለኛል፤ አብሬው እስቃለሁ።

2. ሐኪሜ ሁለቱም እጆቼ በመርፌ እንዳይወጉ፣ በላስቲክም እንዳይታሰሩ አዝዘዋል። ስኳርም ሆነ የደም መርጋት እንደሌለብኝ መርምረው፣ ደሜ ከእግሬ እንዲወሰድ ጽፈው ፈርመዋል። ወረቀቱ ካርዴ ውስጥ ይገኛል።

3. ጥር 20 ቀን ደም ልሰጥ ስገባ ባለሙያዋ ትእዛዙን አንብባ ጫማዬን እንዳወልቅ ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። በየዙሩ በምወስደው የካንሰር መድኃኒት ምክንያት የእግሬ ጥፍሮች ጠቁረዋል፤ ሁለቱ ተነቅለዋል። የክፍሉ መጋረጃ ደግሞ እስከ ጥግ አይዘጋም። በክፍተቱ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ጉልበት ይታየኝ ነበር፤ እኔ ጉልበታቸውን ካየሁ እነሱ እግሬን ያያሉ። አፈርኩ። «ከእጄ ይሁን» አልኳት። «እትዬ፣ ሐኪሙ እኮ ከልክለዋል» ብላ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ግራ እጄን ራሴ ዘረጋሁላት። በእሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

4. በአራተኛው ቀን ግራ እጄ ቀልቶ ጋለ። ትኩሳት ይዞኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ቅላቱ ጠፋ፤ እብጠቱ ግን አልወረደም። ቀኝ እጄ ካበጠ ወዲህ መርፌ የምይዘው በግራዬ ነበር፤ አሁን ጣቶቼ የቁልፉን ቀዳዳ ይስቱታል። ባለፈው ሳምንት የግራውን እጅጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታሁ።

5. መጋቢት 8 ቀን ተመልሼ ስመጣ ሌላ ባለሙያ አገኘሁ። ጫማዬን ከበሩ ጀምሬ አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር። እሱ ግን ካርዱን አይቶ ላስቲኩን አነሳ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት የልብስ ልክ ከምንቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ነውና ተገልብጦም ተቆራርጦም ያለ ጽሑፍ ማንበብ ለምጃለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ «ታካሚዋ ከእግር ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም» የሚለውን ጥር 20 ቀን በቀይ ተጽፎ አነበብኩት። አሁን ፈቃደኛ ነኝ አልኩት። «እናቴ፣ ዛሬ ፈቅደው ነገ ቢከሱኝስ? ይህን መሰረዝ የሚችሉት ኃላፊው ብቻ ናቸው። እጅዎን ይስጡኝ፣ አንዴ ነው» አለኝ። ላስቲኩ ክንዴን ሲነካኝ ተነሳሁ። ጫማዬን እንደያዝኩ ወጥቼ ሄድኩ።

6. የደም ውጤት ከሌለ መድኃኒቱ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት የአንድ ዙር መድኃኒት አልፎኛል። ሐኪሜ ሁለተኛው ፈጽሞ ማለፍ የለበትም ብለዋል። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሰኞ መጋቢት 15 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ስለዚህ በካርዴ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ በእርስዎ ፊርማ ተሰርዞ፣ በምትኩ «ሁለቱም እጆች አይነኩ፤ ደም ከእግር ይወሰድ» ተብሎ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከእግሬ እንዲወሰድ መፍቀዴን በዚህ ማመልከቻ አረጋግጣለሁ። ስለ መጋረጃው ምንም አልልም፤ የሚያየኝ ይየኝ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ታላቅ እህቴ «አንቺ እኮ ቤትሽ ሌባ ቢገባ ወንበር ስበሽ ታስቀምጪዋለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ባለፈው ሰኞም የወጣሁት ባለሙያውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስላቃተኝ ነው። አሁን ደግሞ መድኃኒቱ እንዳያልፈኝ ስል መውጣትም አልችልም። ከኋላዬ ወረፋው ቆሞ፣ ባለሙያው «ቶሎ ይበሉ» ካለኝ፣ ያንኑ ግራ እጄን እንደምዘረጋለት ራሴን አውቀዋለሁ። ከሰኞ ቀን የምፈራው መርፌውን አይደለም፤ ራሴን ነው። እኔ በአፌ የማልለውን እርስዎ በጽሑፍ ይበሉልኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የካርድ ቁጥር 4187