ከስፌት መኪናው ሥር የተገኘው ፎቶ

ሐዋሳ፣ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፤ ገብርኤል በሄድሽበት ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን።

እህትሽ ዮርዳኖስ አዲሱ ልብስ ፋብሪካ ገብታለች። የተሰጣት የስፌት መኪና አንቺ ካለሽበት ከጣልያን የመጣ ነው። ስታጸዳው ከሥሩ የተለጠፈ የሕፃን ፎቶ አገኘች። አለቃዋን ብትጠይቀው፣ «እዚያ ደሞዝ ስለተወደደ ፋብሪካውን ዘግተው መኪኖቹን ወደዚህ አመጡ፤ ሠራተኞቹ ተሰናብተዋል» አላት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድላት ብሏል። «እማዬ፣ ስሰፋ የሕፃኑ እናት ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል» ትለኛለች።

አንቺም እዚያ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ይኸው ሦስት ወር ድምፅሽ ጠፋ። ያንቺስ መኪና ማን እጅ ገብቶ ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ልጄ፣ ሥራሽ ቆሞ ከሆነ አፍረሽ አትደብቂኝ፤ ቤትሽ ክፍት ነው። አምላክ ከባዕድ ፊት ይሰውርሽ።

እናትሽ ብዙነሽ