በሽፋኑ ላይ ስላሉት ሁለት ሰዎች፦ የሲስተር እታለም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ሲስተር እታለም ከአናጢው አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ እኛ አራታችን ተከታትለን መጣን። «እታለም» የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛ ታናናሾቻቸው ነን። መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ለመታወቂያ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ አለቆቻቸውም፣ በሽተኞቻቸውም፣ የኋላ ኋላ ባለቤታቸውም እታለም ስላሏቸው ዛሬም በዚሁ ስም እንሸኛቸዋለን።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ከእርሳቸው ጋር የሚታዩት ሽማግሌ ማን እንደሆኑ የምትጠያየቁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ዘመድ አይደሉም። ተራቸው ሲደርስ እንነግራችኋለን፤ እታለም እንደሆኑ ሰልፍ የሚያልፍ ሰው አይወዱም ነበር።

አባታችንን የመጋዝ ብናኝ ዘወትር ያስላቸው ነበር። እታለም ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማታ ማታ ጆሯቸውን አባታችን ጀርባ ላይ ለጥፈው ያዳምጡና መጋዙ ውስጥህ ገብቷል ይሏቸዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ብዙ አልቆየም። አባታችን ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባቸው፣ በር ላይ የሚከፈለው ስላልነበራቸው ትንሽ ልየው እያሉ ከረሙ። በሄዱ ጊዜ ነገሩ አልፎ ነበርና በሕይወት አልተመለሱም። እታለም ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ብዙ አይናገሩም፤ ነርስ ለመሆን የቆረጡት ያኔ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።

የአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ነርሶች ማሠልጠኛ ገቡ። በመጀመሪያው የተግባር ልምምድ ቀን ደም አይተው ራሳቸውን በመሳታቸው፣ ከበሽተኛው ጎን ያለውን አልጋ ራሳቸው እንደያዙት፣ ውሃ ያቀበላቸውም በሽተኛው እንደነበረ እየሳቁ ይተርኩት ነበር። ከተመረቁ በኋላ በትልቁ ሆስፒታል አምስት ዓመት አገልግለው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም። ግድግዳዋ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ የተቀባው ክፍላቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ለበሽተኛ አንድ ወንበርና ወደ መናኸሪያው የሚያሳይ መስኮት ነበራት። ለአስታማሚ ወንበር አልነበረም። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ አስታማሚ ከተቀመጠ በሽተኛው አፉን አይከፍትም ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ለጉንፋን ሊታከሙ መጥተው እታለም የእጃቸውን ትርታ ከቆጠሩ በኋላ ልብዎ ይቸኩላል አሏቸው። ሰዓት ሠሪው ይቅርታ ጠይቀው የእታለምን ሰዓት ተቀበሉና ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ችግሩ ከልባቸው ሳይሆን ከሰዓቱ እንደሆነ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚጎትት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልቡ የሚቸኩል ሲያደርጉት እንደከረሙ በትሕትና አስረዷቸው። ሰዓቱን ሊሠሩ ወሰዱት፣ ሠርተው መለሱት፣ ከዚያም ሌላ ሌላ ምክንያት እየፈለጉ ተመላለሱ። እታለም በሃያ ስምንት ዓመታቸው አግብተው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ሰዓት ሠሪው፣ ያን ቀን ልባቸው በእርግጥም ይቸኩል እንደነበር ያመኑት ከሠርጉ በኋላ ነው።

እታለም ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል የጤና ሕጉ ነገር መጣ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነበር፤ ሰው ሁሉ ጤነኛ ሳለ እንደ ገቢው ያዋጣል፣ ሲታመም በር ላይ ሳይከፍል ይታከማል። ክርክሩ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። ሬዲዮኑ ጠዋት ሲደግፍ አርፍዶ ማታ ይቃወማል። አንዱ ጋዜጣ ሕጉ ሕይወት ነው ሲል ሌላው ሞት ነው ይላል፤ ረቂቁ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ግን ጠፋ። ከእኛው ቤት እንኳ ሁለት ወንድማማቾች ለወራት ተኳርፈናል። አሁን ስናስበው ሁለታችንም ረቂቁን አላነበብነውም ነበር።

እታለም ሕጉን ይፈልጉት ነበር። በአባታችን ምክንያት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ሲከራከሩ ማን ይችላቸዋል። ነጩን ጋዋን ለብሰው ግን ትንፍሽ አይሉም። በሽተኛ ሕመሙ ይበቃዋል፣ የእኔን ሐሳብ ደግሞ ተሸክሞ መውጣት የለበትም ባይ ነበሩ።

በዚሁ ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ ለጤና ጣቢያው ዓመታዊ መጽሔት ብሎ መጣ። ያን ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ተሳፋሪውን እርስ በርሱ ሲያላትሙት ስለኖሩ ሰፈሩ የሚጠራቸው «ጋሽ ፍሬን» ብሎ ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ በየወሩ ሳያጓድሉ እየመጡ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ እግራቸውን ያስመረምራሉ። እታለም ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ፎቶው ተነሣ። ጋሽ ፍሬን ለፎቶው ሲሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ደረታቸውን ነፍተው ነበርና እታለም ይተንፍሱ እንጂ ብለው ተቆጧቸው።

ፎቶ አንሺው ሥራውን ለመጽሔቱ ካስረከበ በኋላ ያንኑ ፎቶ ለሕጉ ደጋፊዎችም ለተቃዋሚዎችም ሸጠው። ሁለቱ ወገኖች በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ሁለቱም ጋሽ ፍሬንን ቆርጠው የእታለምን ፊት ብቻ አስቀሩ። ብቻውን የቀረ ፊት ደግሞ የፈለጉትን ያናግሩታል። ከመናኸሪያው በስተቀኝ በተተከለው ቢልቦርድ ላይ እታለም አንጀተ ሩኅሩኅ ሆነው «ለሁላችን ትድረስ» ከሚል ጽሑፍ በላይ ታዩ። በስተግራ ባለው ላይ ያው ፊት ጠቆር ተደርጎ፣ ሰው የሰለቻቸው መስለው ተሰቀሉ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ» ይላል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል «አዲሱ ሕግ እንዲህ ያስብላታል» የሚል አለ። ደቃቁ ከአውቶቡስ መስኮት አይነበብም።

መጀመሪያ ነገሩ ሳቅ ነበር። እታለም ጠዋት ጠዋት በሁለቱ እታለሞች መሃል አልፈው ሥራ ይገባሉ። ባለቤታቸው ማታ በር ሲከፍቱላቸው የመጣችው የቀኟ ናት የግራዋ እያሉ ይጠይቃሉ። አንዲት ሴት ሬዲዮ ጣቢያ ደውላ ነርሷን በቅርብ እንደምታውቃት፣ ለዚህ ፎቶ በተከፈላት ገንዘብም ቤት እንደሠራች ተናገረች። እታለም ያንኑ ሬዲዮ እያዳመጡ፣ በኪራይ ቤታቸው የባለቤታቸውን ሸሚዝ ይተኩሱ ነበር። መንገድ ላይ አንዱ አቁሞ ሲያመሰግናቸው ሌላው ፊት ይነሳቸዋል። ፊቴ እንጂ አፌ አይደለም እያሉ ያልፋሉ።

ጋሽ ፍሬን ግን ቀሩ። አንድ ወር ሲቀሩ እታለም፣ ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ሄደው ይሆናል ብለው አለፉት። በሁለተኛው ወር ልባቸው አልቀመጥ ስላላቸው ከሥራ እንደወጡ ወደ ጋሽ ፍሬን ቤት ሄዱ። ሽማግሌውን አንድ እግራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ፎጣውን ሲገልጡት ጣታቸው ጠቁሯል። እንዲህ ሆነው እስከዛሬ ለምን እንዳልመጡ ሲጠይቋቸው ጋሽ ፍሬን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር እኮ» አሉ። «እኔን ቆርጠው ጣሉኝ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ ላይ ሆነሽ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ አልሽ። የት ልምጣ ታዲያ?»

እታለም ፎጣውን ቀስ ብለው መልሰው ጠቀለሉላቸው። ያን ቀን እቤታቸው ገብተው እንዳለቀሱ ባለቤታቸው ነግረውናል። አባታቸው ከሐኪም ቤት በር ቀርተውባቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ በራሳቸው ፊት ምክንያት አንድ ሽማግሌ ከበር ተመለሱ። ጋሽ ፍሬን በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ጣታቸው ተቆርጦ እግራቸው ተረፈ።

ከዚያ በኋላ እታለም የሁለቱንም ወገን ቢሮ ደጅ ጠኑ። ተቃዋሚዎቹ ስም ስላልተጻፈበት ፊቱ የማንም ነርስ ሊሆን ይችላል ብለው ሸኟቸው። ደጋፊዎቹ ወንበር ስበው፣ ውሃ አቅርበው፣ የእርሳቸው ፊት ሕዝቡን እንደሚያሳምን በጥናት መረጋገጡን ነገሯቸው፤ እንዲያውም በሌላ አደባባይ ሊደግሙት አስበዋል። እታለምን ይበልጥ ያንገበገባቸው ይኸኛው ነው፤ የሚመኙትን ሕግ የሚያመጡላቸው እነዚሁ ነበሩና። ጋሽ ፍሬንን ለምን እንደቆረጧቸው ሲጠይቁ ኃላፊው ሰው ሲበዛ መልእክቱ ይበተናል አላቸው። ይህችን ቃል እስከ መጨረሻው አልረሷትም። ቤታቸው እንግዳ በበዛ ቁጥር መልእክቱ ተበተነ እያሉ ያስቁን ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቁም።

ቀጥለው ፎቶ አንሺውን ፈልገው አገኙት። አፍሮ መሬት መሬት ሲያይ፣ ካሳ ሳይጠይቁ ሙሉውን ፎቶ በትልቁ አሳጠቡና ታቅፈው ወጡ። በዚያው ሳምንት የቴሌቪዥን ክርክር ላይ ተጋብዘው ነበርና ይዘውት ገቡ። ጋዜጠኛው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሕጉን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ አላቸው። እቤት ተሰብስበን የምናይ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋን። አንድ ቃል ቢናገሩ ስንቱ ይከተላቸው ነበር። የአባታችንንም ነገር ቢያነሡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እታለም ፎቶውን ከፍ አድርገው ያዙት።

«እኚህን ሰው ቆርጠው ነው እኔን የሰቀሉኝ» አሉ። «እኔ ማንንም ተመለሱ አላልኩም። ሕጉ ወጣም አልወጣም ነገ ጠዋት በሩ ክፍት ነው። መድኃኒት ያቋረጣችሁ ኑ።»

ካሜራው የለመደውን አደረገ፤ ተጠግቶ የእርሳቸውን ፊት ብቻ ያዘና ጋሽ ፍሬንን ዳግመኛ ቆረጣቸው። ሆስፒታል ተኝተው ይመለከቱ የነበሩት ጋሽ ፍሬን አሁንም አወረዱኝ ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁት። በማግስቱ አንደኛው ጋዜጣ ነርሷ ሕጉን ደገፈች፣ ሌላኛው ነርሷ ሕጉን ነቀፈች ብሎ ወጣ። እታለም ሁለቱንም አላነበቡም፤ ጊዜ አልነበራቸውም። የጤና ጣቢያው ሰልፍ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ግቢውን አልፎ መናኸሪያው ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ እንደ ጋሽ ፍሬን ፖስተሩን አንብበው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የአንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ብቻ እንዳልነበረ ያን ቀን ታወቀ።

ሕጉ ተሸራርፎም ቢሆን ወጣ። እውነቱ ይነገር ከተባለ በመጀመሪያው ዓመት ሰልፉ ረዝሟል፤ ተቃዋሚዎቹ ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ስላጣ ከበር የተመለሰ የለም፤ እታለም ይህን በዓይናቸው ለማየት በቅተዋል። ሁለቱ ቢልቦርዶች ወርደው በቦታቸው የሳሙና ማስታወቂያ ተሰቀለ። ሙሉው ፎቶ በእታለም ክፍል ግድግዳ ላይ፣ አቻው ደግሞ በጋሽ ፍሬን ሳሎን ዋለ። ጋሽ ፍሬን በየወሩ እየተመላለሱ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ በእርጅና አረፉ። እታለምም እንደ ቤተሰብ ቆመው ሸኝተዋቸዋል።

እታለም በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ያለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጠንቶባቸው የታከሙት በዚያው በሠሩበት ጤና ጣቢያ ነበር። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ሊያስቀድሟቸው ቢለምኗቸው እምቢ ብለው አግዳሚው ላይ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ እየጠበቁም ግራና ቀኝ የተቀመጠውን ሁሉ መድኃኒትህን ወስደሃል፣ ወስደሻል እያሉ ዕረፍት ይነሱታል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው በሰዓታቸው ትርታቸውን ሲቆጥሩላቸው ሳለ፣ የሚቆጠር አጡ። ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን ኪሳቸው ከተቱት።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ መምህርት ሴት ልጃቸውን፣ መካኒክ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን ትተዋል። እናታችን ሥራ ሲውሉ እርሳቸው እንደ እናት ሆነው አሳድገውናል።

እታለም በሽፋኑ ላይ ከዚያ ሙሉ ፎቶ ሌላ እንዳይወጣ አደራ ብለው ነበር። አታሚው ፎቶውን አይቶ፣ ሟች መሃል ላይ እንዲሆኑ ሰውየውን ላውጣቸው ወይ ብሎ በደግነት ጠየቀን። የመለሱለት ባለቤታቸው ናቸው።

«ተዋቸው ልጄ፤ የእሷ በሽተኛ ናቸው» አሉት።

የሰውን ሁሉ የልብ ትርታ የሚሰማ አምላክ የእታለምን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበልልን። ደጁን ክፍት ያቆይላቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ የሚላቸውም አይኑር።