ከግድቡ እስከ አባትህ አልጋ

ልጄ ኢልያስ፣ ዱባይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ በወጣህ ቁጥር አላህ በደህና ያውርድህ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። እዚህ ናይሮቢ የኢስሊው ሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ አምስት ቀኑ ነው፤ የሚጠግኑት የመብራት ፉንዲዎች ነገ፣ ነገ ይሉናል። መብራቱ ከአገራችን ግድብ ተነስቶ፣ ስንቱን በረሃ አቋርጦ ናይሮቢ እንደሚደርስ የነገርከኝ አንተ ነህ። ከምሰሶው እስከ አባትህ አልጋ ያለው ሃያ እርምጃ ግን አቃተው።

አባትህን ከነኦክስጅን ማሽኑ መስጊድ ወሰድነው፤ እዚያ ጀነሬተር አለ። የተኛው በወንዶቹ በኩል ስለሆነ እኔ ደጅ ተቀምጫለሁ። በጀነሬተሩ ጩኸት ትንፋሹ አይሰማኝም። ስደውልለት «ደህና ነኝ» ብሎ ቶሎ ይዘጋብኛል። አንተ ላይ አይዘጋም። ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ፣ እባክህ ደውልለትና ትንፋሹን አዳምጥልኝ።

እናትህ ራጃ