ለከሰዓት ነፋስ የመረጥናት ጀልባ

ለውዷ ባለቤቴ ለጥሩወርቅ፤

ደብዳቤ የሚጀመረው እንደምን ከርመሻል ተብሎ ነው። እኔ መልሱን ከአንቺ ስለማላገኝ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። እኛ ግን ደህና ነን። በሞት ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። በዚህ በጋ ጀልባ ገዝተናል፤ ልጃችን ስንታየሁም በሰላም ወጥቶ በሰላም እየገባ ነው። መጨረሻውን አስቀድሜ የነገርሁሽ፣ የወሬ ፍጻሜ ካልሰማሽ ልብሽ እንደማያርፍ ስለማውቅ ነው። አሁን ተረጋግተሽ ስሚኝ።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ስለተሰነጠቀ አፍርሰን እንደገና መረግነው። በቅሎዪቱ ተሸጣለች፤ ደጋ ኮሶዬ ያሉ ወንድሞቼን ልጠይቅ ስሄድ አሁን የምሳፈረው የጭነት ማኪና ላይ ነው። ዓሣውን ከጎርጎራ ጎንደር አራዳ ወስዳ የምትሸጠው እህትሽ በለጡ ሆናለች። አንቺ ትቀመጪበት የነበረውን ቦታ ለማንም አላስነካችም። ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ጾም አንድ ሰውዬ ዓሣው ሸቷል ብሎ ቢያማርርባት፣ "ጌታው፣ እስቲ ጋቢዎን አውልቀው ደግመው ያሽትቱ" ብላ ገበያውን ሁሉ አሳቀችበት።

ስንታየሁ አሁን ብቻውን ነው ሐይቅ የሚወጣው። እኔን ወገቤ መቅዘፊያ አልችል ብሎኛል። ታንኳውን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የታሰረበት ደንገል ውኃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ሲከብድ እንደልብ አይታዘዝም። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ የከሰዓቱ ነፋስ ታንኳውን ነጥቆ ማዶ ካለው ቄጠማ ውስጥ ከተተበት። ከነእርጥብ ልብሱ እዚያው አድሮ በማግስቱ ጎረቤቶች አመጡት። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር፤ እሳት ዳር አስቀምጠነው እስኪረፍድ ድረስ ሰውነቱ አልሞቀም። ያን ቀን ቆረጥሁ። ወይ ነፋስና ብርድ የሚችል ጀልባ ይገዛል፣ ወይ ልጁ ኮሶዬ ሄዶ ከአጎቶቹ ጋር ገብስ ያርሳል። እርሱ ግን፣ "እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ደጋ ወጥቼ ከበሬ ጋር ስጨቃጨቅ አልኖርም" አለኝ። ጠባዩ ያንቺ ነውና ብዙ አልተከራከርሁትም። ስለዚህ የቀረው ነገር ጀልባውን አለመሳሳት ብቻ ሆነ። ከተሳሳትሁ የምከፍለው በልጄ ነበር።

እኔ ጀልባ መራጭ መሆኔ ራሱ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ጎንደር ቀሐ ወንዝ ላይ ለጥምቀት የተገናኘን ጊዜ ትዝ ይልሻል? የፋሲልን መዋኛ እያሳየሁ "ይህን የሚያህል ውኃ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብዬ ስጠይቅሽ፣ ሳቅሽን በነጠላሽ አፈንሽው። ከተጋባን በኋላ ጎርጎራ ወስደሽ ታንኳ ላይ ስታወጪኝ በደረቴ ተኝቼ ደንገሉን በሁለት እጄ ያዝሁ። ውኃው ከሥሬ ሲመጣ ብጮህ፣ "ታንኳ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥምም፤ ተነሥና እንደ ሰው ቁጭ በል" አልሽኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ እግሬ እርጥብ ሆኖ መዋሉን እንደ ሥራው አካል ቆጥሬው ኖርሁ። ይህ ልማድ ምን ሊያደርገን እንደነበር አሁን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ያየናት ጣሊያን ትቷት የሄደ የብረት ጀልባ ናት። ባለቤቷ አቶ ተገኘ የሚባሉ የአራዳ ነጋዴ ናቸው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ቀና ብሎ፣ በጠዋቱ ጸጥታ ውኃው ላይ እንደ ዳክዬ ተቀምጣለች። "ይህች እኮ ማኪና ናት፤ ነዳጅ አለመጠየቋ ነው ልዩነቷ" አሉን። እኔም ዙሪያዋን እየሄድሁ ጎኗን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁ። በለጡ ልትታዘብ አብራን መጥታ ኖሮ፣ "አያ ካሴ፣ ምነው ጥርሷን ሳታይ ቀረህ? አፏን ልያዝልህ?" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እኛ ደገኞች ገበያ የምንወጣ በጠዋት፣ የምንገዛም በጠዋት ነው። ከብቱ ገና አልደከመምና ሸጋ ሆኖ ይታያል። ሐይቁም በጠዋት እንደዚያው ነው፤ ክፉ ጀልባ የሚያሳይ ማዕበል የለበትም። እጄን ለመጨባበጥ ዘርግቼ ሳለ ስንታየሁ፣ "አባባ፣ ነፋሱ ሳይነሣ አትጨባበጥ" አለኝ። አቶ ተገኘ ወደ ጎንደር የሚመልሳቸው ማኪና እንደሚያመልጣቸው እየማሉ ቢለምኑም ጠበቅን። የእርጥብ መረብና የአንድ ቀን ዓሣ ክብደት ያህል ድንጋይ ጫንንባት። እግሬን ወለሏ ላይ ባሳርፍ ብረቱ የጠዋቱን ብርድ ይዞ ቆይቶ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ የሚቆም ሰው ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።

ነፋሱ እንደ ወትሮው ከቀትር በኋላ መጣ፤ ልጁ እየቀዘፈ ሁለታችን ወጣን። ያ ያማረ አፍንጫዋ ነፋሱን እንደ ጃንጥላ ያዘው፤ ፊቷን ብናቀና እየዞረች ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ውስጧ የገባው ውኃ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። እኔ ግን አልደነገጥሁም። ለዓመታት እግሬ ውኃ ውስጥ ሆኖ ስለቀዘፍሁ ነገሩ ምንም አልመሰለኝም። "ቅዘፍ እንጂ፣ ውኃ ነው" አልሁት። ልጁ መቅዘፊያውን ጥሎ በቅል እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋ ጀመር። "አባባ፣ ይህ ደንገል አይደለም! ብረት ነው፤ ከሞላ አለቀልን!" ሲለኝ ነው የነቃሁ። ድንጋዩን ሁሉ ወርውረን እንደምንም ዳር ወጣን። በኋላ መጋጠሚያዋ ላይ ቀለሙን በጥፍሬ ብፍቀው ሥሩ ዝገት ነው፤ አውራ ጣቴ ገባበት።

አቶ ተገኘ፣ "ትንሽ ቀለም ቢጨመርባት..." ማለት ሲጀምሩ በለጡ ቀደመቻቸው። "የሬሳ ሳጥንም ቀለም ሲቀቡት ያምራል፣ ጌታዬ።"

ሁለተኛዋ የአያ መንገሻ ጀልባ ናት። ከእኛ ቤት በታች ያሉትን ሽማግሌ ታስታውሻቸዋለሽ፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከሐይቅ ቀርተዋል። ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ በቅጥራን ጠቁራ፣ ሆዷ ሰፍቶ፣ ከክረምት ጀምሮ ደረቅ ላይ ተደፍታ የኖረች። መልክ የላትም። ቢላ ይዤ ከሥር ጀምሮ በየምስማሩ ዙሪያ ወጋኋት፤ ከአንድ ሳንቃ በቀር የትም አልገባልኝም። ያንን ሳንቃ ደግሞ አያ መንገሻ ገና ሳልጀምር፣ "ከኋላ በኩል አንዱ በስብሷል፣ እርሱን ትለውጠዋለህ" ብለው ነግረውኝ ነበር። ከፊት በኩል በሳንቃ የተከደነ ስፍራ አላት፤ ደረቅ ጋቢና ስንቅ ይቀመጥበታል፣ ሰውም ከነፋስ ጎንበስ ይልበታል።

ውኃ ላይ ብናወርዳት ግን በሁሉም መጋጠሚያዋ ውኃ ገባ። ከብረቷ የተማርሁ ሰው ነኝና ዘልዬ ወጣሁ። አያ መንገሻ እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንተ ሰው ነገርህ ሁሉ ግልብጥ ነው። በሚያሰጥመው ውኃ ቁጭ ብለህ ከማያሰጥመው ትሸሻለህ! ጠምቷት ነው፤ ትጠጣ ተዋት።" ለካ የደረቀ እንጨት ውኃ ሲጠጣ አብጦ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ሳንቃውን ለውጠን፣ ድንጋይ ጭነን፣ ጥልቀት በሌለበት ዳር አሰጥመን ተውናት። በእነዚያ ቀናት እህል በወጉ አልበላሁም። በጠዋት በጠዋት እየሄድሁ አያታለሁ፤ ያለችው ያው ውኃ ውስጥ ነው። ቀድተን ስናወጣትና ጭነን ነፋስ ስናስጠብቃት ግን ውስጧ የገባው ከአንድ ጭልፋ አይበልጥም። በማዕበሉ ላይ አትዘልም፤ እንደ እርሻ በሬ ቀስ ብላ ትገፋዋለች። ስንታየሁ፣ "ይህችንማ ኤሊም ይቀድማታል" ብሎ አኮረፈ። ይቅደማት አልሁት፤ ገዛናት።

ያ ሁሉ እኛ የፈተንናት ነው። ሐይቁ የፈተናት በጥር ነው። ነፋሱ ከወትሮው ቀድሞ ተነሣ፤ ታንኳ ያላቸው ሁሉ ወደ ዳር ሸሹ። ስንታየሁ ሩቅ ነበር። እኔም አንቺ ትቆሚበት ከነበረው ከሾላው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ጥሩዬ፣ ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። አንቺ ሳለሽ እኔ በነፋስ ጊዜ የነበርሁት ውኃው ላይ ነው፤ እዚያ ሰው የሚይዘው ሥራ አለው፣ ይቀዝፋል። ዳር የቆመ ሰው ግን የሚይዘው የለም። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት ባዶ እጅሽን ቆመሽ ነው የጠበቅሽኝ። ስመለስም "ራትህ ቀዘቀዘ" ከማለት በቀር አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

ጀልባዋ ነጩን ማዕበል እየከፈለች፣ ሳትቸኩል መጣች። ልጁ ከሳንቃው ጀርባ ተከልሎ፣ ጋቢው ደርቆ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። ሲቀርብ አየሁት፤ መቅዘፊያውን አሳርፎ ዳቦ እየበላ ነው። ፊቴን አይቶ፣ "ምነው አባባ፣ ሰው ሞተ?" አለኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ አላቆም ብሎኝ አያ መንገሻ ከደጃቸው ብቅ ብለው ጤናዬን ጠየቁ። ቤት ገብቼ ነፋሱ እየጮኸ ተኛሁ። በነፋስ ቀን ቤቴ ውስጥ እንቅልፍ የወሰደኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

አሁንም በየከሰዓቱ ይነፍሳል። ልጁ ይወጣል፣ ይመለሳል፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይመለሳል። አንቺን እስከ ዛሬ የማስብሽ ፍርሃት ሲይዘኝ ነበር፤ ስምሽን የምጠራውም ልጃችንን ጠብቂልኝ ለማለት ነበር። ከዚህ ሥራ አሳርፌሻለሁ። ከእንግዲህ የማስታውስሽ ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ሁላችንም ቤት ገብተን፣ የምለምንሽ ነገር ሳይኖረኝ ነው።

ባለቤትሽ ካሴ