በየኔታ ዋንጫ የነበረው

ይድረስ ለወንድሜ ለእሱባለው፤

ቁጣዬን ከሰላምታዬ አላስቀድምም፤ እናታችን እንዲያ አድርጋ አላሳደገችንም። እንደምን ሰንብተሃል? ብርድ በነካህ ቁጥር የሚነሣብህ ወገብህስ እንዴት ነው? ሚስትህ ዳግማዊት ደኅና ናት ወይ፣ ሥራው አልከበዳትም? ልጃችሁ መነን የፊት ጥርሷን ነቀለች? በስልክ ያሳየኸን ጊዜ ሁለቱ ይነቃነቁ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናት፤ ቅዳሴም አልቀረባት። ዝናቡ ዘንድሮ ሸጋ ነበር፣ ገብሱም አሽቷል። እንግዳ ግን እንደ ድሮው የለም፤ ጧት ያራገፍሁትን ነጠላ ማታ መልሼ አጥፌ ሱቄን የምዘጋበት ቀን ይበዛል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ።

ይህን በስልክ ያልነገርሁህ ስለምትሥቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጀምሬልህ ሁለቱንም ጊዜ ‹‹አይ እታለም፣ ነገር ታካብጃለሽ›› ብለህ ሥቀህ ዘጋኸው። ደብዳቤ አይዘጋም። ይዛልህ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ፍቅርአዲስ ናት፤ ለትምህርት ወደ ሆላንድ ስለምትበር ከእጅህ ሳታደርስ ሻንጣዋን እንዳትፈታ ብያታለሁ።

ስለ የኔታ ኢያቄም በኢንተርኔት ያወጣኸውን ጽሑፍ ሰማሁት። አስጎብኚው መልአኩ ከሱቄ በር ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተረጎመልኝ። አንዳንዱን ሊዘልብኝ ሲሞክር ከዓይኑ ዐውቄበት መልሼ አስነበብሁት። ከላይ ‹‹ለሟቹ መምህሬ ምስጋና›› ትላለህ። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቅኔ መምህሩን በሞቱ በሰባት ዓመታቸው ያስታወሰ ወንድም አለኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። ከዚያ የቀጠለውን ስሰማ ግን የምገባበት ጠፋኝ። የኔታ በቀንድ ዋንጫ አብሾ አጠጥተውህ አእምሮህ ተከፈተ ትላለህ። ዛሬ በዚያ አገር እየተሰበሰባችሁ እንጉዳይ እየበላችሁ ለምታደርጉት ‹‹የውስጥ ጉዞ›› የመጀመሪያውን በር የከፈቱልህ እሳቸው ናቸው። ከሥሩ ስንት መቶ ሰው ‹‹አባታችን እናመሰግናለን›› ብሎ ጽፎላቸዋል። ፎቷቸውንም በሻማ መካከል አቁማችሁታል። ያን ፎቶ የላክሁልህ እኔ ነኝ፤ ጭራቸውን ይዘው መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ወርዶ የተነሡትን። ከራስጌህ ትሰቅለዋለህ ብዬ ነበር፣ እንጉዳይ የሚበላ ሰው ይሰግድለታል ብዬ አልነበረም።

አብሾ ምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን፤ በቆሎ ተማሪ መካከል ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ አእምሮዬ ይከፈትልኛል ብሎ የሚጠጣው፣ ከአስተናግር ፍሬ የሚቀመም መጠጥ ነው። ለአንዱ ቅኔ ሰጠው ይባላል፤ ሌላው ልብሱን ጥሎ ገበያ ለገበያ ሲዞር ይኖራል። ይህን የሁለተኛውን ሰው ነገር ግን በጽሑፍህ ውስጥ የትም አላገኘሁትም።

በመጨረሻ ደግሞ ምን ቸገረህ፣ እህቴ በላሊበላ የነጠላ ሱቅ አላት፣ የየኔታን ቤት እሷን ጠይቁ ብለህ አሰናበትኻቸው። መጡልህ። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ መጡ። እንግዳ በጠፋበት በዚህ ዘመን ፈረንጅ ከደጄ ሲቆም ልቤ ዘለለ፤ አንዱም ግን ነጠላዬን በእጁ አልነካም። ሁሉም ፍሬውን ነው የሚሉ። የለም ብዬ ብመልሳቸው ባጃጅ ይዘው ራሳቸው አገኙት።

የየኔታ ባለቤት እማሆይ የሺሃረግ እሳቸው ካረፉ ወዲህ መንኩሰው ከቅኔ ቤቱ ጎን ባለችው ጎጆ ብቻቸውን እንዳሉ ታውቃለህ። እንግዶቹ እጃቸውን ስመው፣ ተንበርክከው፣ አልቅሰው መነጽራቸውንና ዋንጫቸውን አሳዩን አሏቸው። እማሆይ ተሳላሚ መስለዋቸው ቆሎ አቀረቡላቸው። ከየኔታ መቃብር ላይ አፈር በላስቲክ ሲቋጥሩ እንኳ እንደ እምነት ሊቀቡት ነው ብለው ዝም አሉ። እኔ በማግስቱ ስሄድ መቃብሩ ራስጌው ተጎድጉዷል። በእጄ ነው የደለደልሁት፣ እሱባለው።

ከእነዚያ አንዱ፣ ረጅሙ ሰው፣ እማሆይ ‹‹ምንም የለኝ ልጄ›› ብለው ቢመልሱት ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ዳር አስተናግሩን ራሱ ለቀመና ክፍሉ ገብቶ አፍልቶ ጠጣው። ረፋድ ላይ ራቁቱን ከገበያው መካከል ጨው ሻጮቹ ዘንድ ቆሞ ከአየር ላይ ነገር ሲለቅም ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ እጁ ታስሮ ተኛ፤ ሐኪሞቹ ዓይኑ እንዳይጠፋ ፈርተው ነበር። መትረፉን እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሱም እናት አለችው። ሲሻለው ያንተን ጽሑፍ አሳያቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ።

እማሆይን ቀበሌ ጠራቸው። ደግፌ የወሰድኋቸው እኔ ነኝ፤ ባጃጁ እስከ ዳገቱ አድርሶን ቀሪውን በእግራቸው ሄዱ። አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን፤ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የተማሪ ወላጆች። የየኔታን ወንበር የያዘው መሪጌታ በእውቀቱ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዐሥራ አራት ተማሪ ነበረው፤ በዚያ ሳምንት ዘጠኙን ወላጆቻቸው መርዝ ያጠጣብናል ብለው ወስደዋቸዋል። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ተማሪ በመርዝ ያሳበደ ሰው የሰባት ዓመት ተዝካር ሊወጣለት አይገባም፣ ቅኔ ቤቱም ይዘጋ አለ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ያንተን ጽሑፍ አምኖ ነው። የቀበሌው ሰው በትሕትና ‹‹እማሆይ፣ ባለቤትዎ ለተማሪ አብሾ ይሰጡ ነበር?›› ብሎ ጠየቃቸው።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ‹‹ልጆቼ፣ የምበጠብጠው እኔ ነበርሁ። ተልባ ነው›› አሉ። ‹‹የተቆላ ተልባ በማር። እንዲመር ደግሞ ግራዋ ጨምቄ ጠብ አደርግበታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። ገዝተውኝ ነው ያልተናገርሁ።›› ከኋላ አንዱ ሣቀ፤ እሱን ተከትሎ ቤቱ ሁሉ ሣቀ። አሮጊት ባሏን ለማዳን የፈጠረችው ተረት መሰላቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሸት ያልተገኘባቸውን ሴት በአደባባይ ውሸታም አሰኘሃቸው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አድማሴ የሚባል የየኔታ ታላቅ ወንድም ነበር። ሁለቱ አብረው ለቅኔ ከቤት ወጥተው ሳለ አድማሴ ከሌላ ተማሪ እጅ አብሾ ጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ልቡ አልተመለሰም። እስኪሞት ድረስ በሙጃ ገበያ ሲዞር ኖረ፣ የኔታም በገበያው ቀን ሁሉ ልብስ ይዘውለት ይሄዱ ነበር፤ ያለብሱታል፣ እሱ ይጥለዋል። መምህር ሲሆኑ ተማሪው አብሾ ስጡን ማለቱ አልቀረም። እንቢ ቢሉት ከሌላ ዘንድ ሄዶ እውነተኛውን እንደሚጠጣ ያውቃሉ። ስለዚህ እሺ ይሉና ሰባት ቀን ሱባኤ አስገብተው በስምንተኛው ተልባቸውን በዋንጫ ያጠጡታል። ለማንም እንዳይነግሩ ሚስታቸውን ገዘቱ፤ ከታወቀ ተማሪው ያንን ፍለጋ ይሄዳልና። እማሆይ ያን ግዝት ከመቃብሩ በኋላ እንኳ ሰባት ዓመት ጠብቀውት ነበር። አንተ አስፈታሃቸው። አሁን ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ንስሐ ተቀብለው በዚያ ጉልበታቸው ይሰግዳሉ።

በጽሑፍህ የዋሻው ግድግዳ እንደ መጋረጃ ተከፈተ፣ የዳዊቱ ፊደል እንደ ንብ ወርዶ ከበበኝ ብለሃል። አላየህም አልልህም። ሰባት ቀን በጭብጥ ሽምብራ ብቻውን ዋሻ የተቀመጠ ሰው ግድግዳው ባይከፈትለት ነው የሚገርመው። ያን ዕለት ወጥተህ ስምንት ቤት የሞላ መወድስ ስትቀኝ ስንቅ ይዤ መጥቼ ከደጅ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። ሁለት ዓመት ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ማለፍ አቅቶህ ልትሸሽ ስንቅህን የቋጠርኸውን ልጅ የማውቀው እኔ ነኝ። የኔታ ያን መወድስ በሆድህ ይዘኸው እንደምትዞር አውቀው ነበር። ፈሪ ነበርህና ድፍረትን በዋንጫ አድርገው ሰጡህ። አንተ ግን ያንተንም የሳቸውንም ድካም ወስደህ ለአስተናግር ሰጠኸው። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ማመስገን ከፈለግህ የሚመሰገኑበት ሞልቷል። የግርሻ ትኩሳት ጥሎህ ሳለ በዝናብ በበቅሏቸው አስቀምጠው ራሳቸው በእግራቸው እየመሩ ኩልመስክ ጤና ጣቢያ ያደረሱህ ማን ነበሩ? ሦስት ቀን ከአጠገብህ አልተለዩም፤ ጉባኤውን አጥፈው። እኔ ሴት ልጅ ሆኜ ከቅኔ ቤቱ ግድግዳ ተጠግቼ ስሰማ ያላባረሩኝስ? አንድ ቀን እንዲያውም ወጥተው ‹‹ይማርሽ፣ ያችን የመወድሷን ቤት እንዴት ሰማሻት?›› ብለው ጠይቀውኛል። ለዚህ ሁሉ በጽሑፍህ አንድ መስመር አላገኘሁም።

የምጠይቅህን ስማ። የየኔታ ተዝካር ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን በሚካኤል ነው። ከዚያ በፊት በዚያው በጻፍህበት ቦታ፣ በዚያው ቋንቋ፣ በዋንጫው የነበረው ተልባ ነው ብለህ ጻፍ። ሁለተኛውን በአማርኛ በወረቀት ጽፈህ ፈርምበትና ፎቶውን ለመልአኩ ስልክ ላክ፤ መሪጌታ በእውቀቱ በተዝካሩ ላይ ያነበዋል። የሚመሰክረው የጠጣው ሰው ራሱ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፣ ልጆቹም ይመለሳሉ፤ እማሆይም ስማቸው ይመለስላቸዋል። የሱቄን ነገር አጥፋ። ፎቶውን ከሻማው አንሣ። ሰዎችህ የሚሰበሰቡልህ በዚያ ዋንጫ ታሪክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሥቁብህ ይሆናል። እማሆይ ላይ ከተሣቀው አይበልጥም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ፍቅርአዲስ ትሰጥሃለች። እፍኝ ተልባና የደረቀ የግራዋ ቅጠል ነው፤ እማሆይ ከዚያው ከድሮው ቅላቸው በእጃቸው ዘግነው ሰጡኝ። አላምን ካልህ ቆልተህ በጥብጠህ ጠጣው። ግራዋውን ተውና ለመነንም ስጣት፣ አይጎዳትም።

እናታችን ዓይንህን በመሳም ሰላም ትልሃለች፤ የጻፍኸውን አልነገርኋትም፣ አንተ ካስተካከልኸው በኋላ እነግራታለሁ። መልአኩ በጣም ሰላም ይልሃል። መሪጌታ በእውቀቱ ሰላም ብሎሃል፤ ድምፁ ግን ቅር ያለው ይመስል ነበር። ለዳግማዊት አንድ ጥለቱ ቀይ ነጠላ ልኬላታለሁ፤ ለመነን ጉንጯን ሳምልኝ።

እማሆይ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብለውኛል። አዎ፣ እሳቸው አንተን። ነፍሴ የዘመናት ሸክሟን አወረደች ብለህ የጻፍህበትን ትውከት መልአኩ ሲያነብላቸው አንገታቸውን ደፉና ‹‹ምስኪን፣ ያን ዕለት እጄ ከብዶ ግራዋውን አብዝቼበት ነበር፤ እስከ ዛሬ ሲቆጨኝ ይኖራል። ባዶ ሆዱን ነበር›› አሉ።

እህትህ ይማርሽ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.