ውሃ ሳይገባ የሳቀው ፊቴ

ለፓርቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ

ቀን፦ ግንቦት 9

ጉዳዩ፦ በሌለ ውሃ ተደስቶ የተሰቀለ ፊቴ እንዲወርድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች በአደባባዩ ጥግ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለ ሁለት ወንበር ቤት የምሠራ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ፖለቲካ የማወራው ደንበኛ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ያውም ከእሱ ጋር ተስማምቼ። ምላጭ የያዘ ሰው ሲከራከር አያምርበትም።

ከምርጫው በፊት ከክፍልዎ ሦስት ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ቧንቧዬ ከደረቀ ሁለት ወር ሆኖት ስለነበር ይህንኑ ነገርኳቸው። አለቃቸው «እናውቃለን፣ ለዚሁ ነው የመጣነው» ሲለኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ከቦርሳው የታሸገ ውሃ አውጥቶ በብርጭቆዬ ቀዳና ከቧንቧው ሥር አስያዘኝ። ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱ አረፋ የለበሰ ደንበኛ ብርጭቆዋን በዓይኑ ይከተላል። የሳቅሁት ግን ፎቶ አንሺው ሲያጎነብስ ሱሪው ስለተተረተረ ነው። ሥራው ሲያልቅ ውሃውን አለቃው ራሱ ጠጣው።

በሳምንቱ ሳቄ አደባባዩ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ቃላችንን ጠብቀናል፤ ውሃ ገብቷል» ይላል። ፓርቲያችሁ አሸነፈ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ፖስተሩ ግን ለሚቀጥለውም ምርጫ ያገለግላል ተብሎ እዚያው ቀረ።

ውሃ መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መዝጋቢዋ ግድግዳዋ ላይ በተለጠፈው ያው ፖስተር ያለሁትን እኔን፣ ቀጥሎ ፊቷ የቆምኩትን እኔን አየችና «ጋሼ፣ እርስዎማ ደርሶዎታል፤ ለሌላው ይተዉ እንጂ» አለችኝ። አልደረሰኝም ብላት፣ ታዲያ ምን አሳቀዎት አለች። ስለ ሱሪው ማስረዳት ስጀምር ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ነገሩ ተበላሸ።

ተቃዋሚዎቹም አልማሩኝም። ያንኑ ፎቶ አፉን ወደ ታች ጎትተው፣ እንባ ጨምረው ከመንገዱ ማዶ ሰቀሉት። አማቴ በዚያ ሲያልፉ «በዚህ በኩል የሚስቅ፣ በዚያ በኩል የሚያለቅስ፤ ልጄን ለየትኛው ነው የዳርኳት?» ብለዋል። ባለቤቴ ጎረቤት ጀሪካን ይዛ ብትሄድ «ባልሽ ለብቻው ይጠጣል» ተብላ ባዶዋን ተመለሰች። ደንበኞቼም አንድ በአንድ ወደ ታችኛው ጸጉር ቤት እየሄዱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቤት ሊዘጋብኝ ስለሆነ አዝኛለሁ፤ ፊቴ ግን አደባባይ ላይ ይስቃል፣ ማን ይመነኝ?

ስለዚህ ከሁለት አንዱ እንዲደረግልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ውሃው እንዲገባልኝና ፊቴ በደስታ ባለበት እንዲቆይ፤

ሁለተኛ፣ ይህ ከባድ ከሆነ ፖስተሩን አውርጄ እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ሸራውም ጠንካራ ነው። ባለቤቴ ከታች ሆና በዓይኗ ለክታዋለች፤ ከጣሪያችን ጫፍ ተወጥሮ በርሜላችን ድረስ ዝናብ ያወርዳል። ያን ጊዜ የጻፋችሁት እውነት ይሆናል፣ እኔም በደንብ እስቃለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ ከፈለጋችሁት በራሱ ውሃ አጥቤ እመልሰዋለሁ።

ፊቴ በእጃችሁ፣ እኔ በደጃችሁ ሆኜ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የማይነበብ ፊርማ
ጸጉር አስተካካዩ (የሚስቀው)

ግልባጭ፦
ለውሃ መሥሪያ ቤቱ መዝጋቢ
ለአማቴ