ያስገባ ትከሻ አያስወጣም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን
ከሶፋ ቤቴ፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደ ወንበር ላይ ተቀምጬ

ለእህቴ ልጅ፣ ስልክ ለማታነሣዋ እሜቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? አጎቴስ እንዴት ነው ብለሽ ከጠየቅሽ (አልጠየቅሽም እንጂ) ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፣ ከወገቤ በታችም ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ መሀሉ ብቻ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ስናወራ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ካርዱ ያልቃል፣ ቁም ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ነገሩ የእናትሽን ቤት የሚመለከት ነው። ሰው ገብቶበታል። ቆይ፣ አትጩኺ፤ ከሥሩ ልንገርሽ።

ከተማው ሰው እያለቀበት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከጨረሱት አንዷ ነሽና። ክር ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ክፍል አንድ አድርጓል፤ ፀጉር አስተካካዩም የራሱን ጢም እየላጨ ይውላል። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ነዋሪ በምን እንሳብ ብሎ ሲጨነቅ ከረመና አንድ ትሑት ወጣት ላከብን። ልጁ ሶፋ ቤቴ ገብቶ ብዕሩን አወጣና፣ «አባባ፣ ሌላ ከተማ የሌለ፣ እናንተ ጋ ብቻ ያለ ወግ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሐሜት» አልኩት።

ጻፈው! ልብስ ሰፊዋ ባትገሥጸኝ ኖሮ ይህን ጊዜ አደባባይ ላይ ተሰቅሎ ታገኚው ነበር። እሷ ናት ደህና አድርጋ ያስረዳችው። «እዚህ መንገድ ላይ አዲስ ሰው ዕቃ ጭኖ ሲመጣ እስኪጠራን አንጠብቅም» አለችው። «መኪና ሲቆም እንወጣለን። ባለዕቃው ማንኪያ እንኳ አያነሣም። በዕድሜ ትልቁ በሩ ላይ ይገተርና ‹ማን ጠራችሁ?› ይላቸዋል፤ የሚያስቅ መልስ እስኪሰጡ አያሳልፍም። አንዴ ከገቡ በኋላ ግን ያስገባ ትከሻ አያስወጣም። እኛ ያስገባነውን ሰው ማንም ውጣ አይለውም።»

የልጁ ዓይን በራ። በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆመ፦ «ኑ፤ ዕቃችሁን እኛ እንሸከማለን።» ከሥሩ ደግሞ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ሊጨምርበት ፈልጎ አማከረኝ። «ልጄ፣ ሎሚው ሞልቷል፤ ሰው ነው ያለቀው» አልኩት። እውነቴን ነው። ድሮ መንገዱ ይሞላ ነበር። አሁን ያለነው እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጆሮው የከዳው ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ማን ምኑን አይቶ ስሙን እንዳወጣለት የማይታወቀው ቀርፋፋው አናጺ ጥድፊያ፣ እና ዳቦ ጋጋሪዋ ነን። ከአምስታችን አንድ ጤነኛ ጀርባ ቢወጣ ነው።

ከዚያ ፊልም ይነሣ ተባለ። ለፊልሙ ሰፊ በር ያለው፣ የተጠረገ ባዶ ቤት አስፈለገ። እንዲህ ያለው የእናንተ ብቻ ነው። አዎ፣ እጠርገዋለሁ። ሥራ ስለማጣ ነው፤ ሌላ ምክንያት እንዳትፈልጊለት። የማዘጋጃ ቤቱ ሹፌርና ጸሐፊዋ ለካሜራው ባልና ሚስት ሆኑ፣ እኛ ደግሞ የእናትሽን ቁም ሣጥን ወደ ውጭ አውጥተን እንደ አዲስ አስገባነው። ፀሐይ ዞረች፣ ድገሙት። ጥድፊያ አስነጠሰ፣ ድገሙት። ፖስተኛው ካሜራውን እጅ ነሣ፣ ድገሙት። ልብስ ሰፊዋ ላቧን እየጠረገች፣ «ይሄ ቁም ሣጥን ከእኔ የበለጠ አገር አየ» አለች። በር ላይ ቆሜ ማን ጠራችሁ እያልኩ፣ ቁልፉን ከአንገቴ እያወጣሁ እየከፈትኩ ዋልኩ። ማታ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ ማጎንበስ አቅቶኝ ከነጫማዬ ተኛሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ነው ጉዱ። ጠዋት የጭነት መኪና መጣና እናንተ በር ላይ ቆመ። ከውስጡ አንዲት ሴት፣ ባሏና የምትድህ ልጃቸው ወረዱ። ሴትዮዋ ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያው ቀጥሯታል። ማዘጋጃ ቤቱ ያዘጋጀላቸው ቤት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነበር። እነሱ ግን ፊልሙን አይተዋል። ባልየው በራችሁን ሲያይ «ያ ቤት ይኸውና!» ብሎ መኪናውን አስቆመ።

እኛስ? ሞተሩ ሲጠፋ ወጣን። የማን ቤት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሊጧ ፍራሽ አነሣች። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለምን ከፈትክ ካልሽኝ፣ የከፈተው እጄ ነው፤ በዚያ ሁሉ ድገሙት የለመደው እጄ። ከዚያ በሩ ላይ ተገትሬ «ማን ጠራችሁ?» አልኩ።

ሴትዮዋ ድካም ፊቷን አጠውልጎታል። ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና፣ «እርስዎ ነዎታ! በፊልሙ ጠርተው ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ ያሳደሩን እርስዎ ነዎት፤ አሁን ደግሞ አላውቃችሁም ሊሉን?» አለችኝ።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ዞር አልኩላት። ፖስተኛው «ለመሆኑ ይሄ ቤት የእህትህ አይደለም?» ብሎ ሲጮህብኝ አልጋው ተገጥሞ፣ ልጅቷ ላዩ ላይ ተኝታ ነበር።

ትናንት የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ራሱን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ምን አደረጋችሁ?»

«ወጉን ነዋ።»

«ቤቱ እኮ ባለቤት አለው!»

ልብስ ሰፊዋ ያስገባ ትከሻ ብላ ስትጀምር፣ «እሱን ሰሌዳ ላይ ልጻፍላችሁ፤ ሕግ ግን አይሆንም» አላት። እውነቱን ነው። ባለቤቷ ከፈቀደች ይቆያሉ፣ ካልፈቀደች የታንከሩ ቤት አለላቸው፤ አንቺን ጠይቄ እንዳሳውቀው አደራ ብሎኝ ሄደ።

ስለ ዕቃው አታስቢ። የእናትሽን ልብስ በሙሉ እኔ ጋ አምጥቼ ሸፍኜዋለሁ። ያንቺን ክፍል ቆልፌዋለሁ፤ ሴትዮዋም ለምን ብላ አልጠየቀችም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ኋላ ከሰው እንዳትሰሚ። እናትሽ ጠዋት ጠዋት የእኔንና የእሷን ቤት የሚለየውን ግድግዳ በማንኪያ ትመታ እንደነበር ታውቂያለሽ። «አለህ?» ማለቷ ነው። እኔም እመልስላታለሁ። እሁድ ጠዋት በእንቅልፍ ልቤ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ፤ ጫማዬን አንሥቼ መለስኩ። ከወዲያ ጩኸት! ለካ ሴትዮዋ ለልጇ ልብስ መስቀያ ሚስማር እየመታች ኖሯል። ሮጣ መጣች፣ አስረዳኋት፣ ስቃ ሄደች። ትናንት ጠዋት እንደገና ኳ ኳ አለ። ዛሬም። ሚስማር እንዳይመስልሽ።

እናትሽን የቀበርን ዕለት «ቤቱን አትንኩብኝ፣ እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። አልነካሁም። መቼ ብዬም ጠይቄሽ አላውቅም። ሰው የሚመጣው ሲመጣ ነው እያልኩ እጠርግ ነበር። አሁን ግን ደከመኝ፣ ልጄ። መጥረጉ አይደለም ያደከመኝ።

እና ጻፊልኝ። ይቆዩ ካልሽ ደግ፤ ክፍልሽ እንደተቆለፈ ይቆያል፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ይውጡ ካልሽም የእህቴ ልጅ ነሽ፤ የመንገዱን ሰው ሁሉ አስቀይሜም ቢሆን አልጋቸውን ብቻዬን አወጣዋለሁ። ብቻ የዚያን ጊዜ የምትመጪበትን ቀን አብረሽ ጻፊልኝ። ለሰው ስል ሰው አስወጣለሁ። ለባዶ ቤት ስል ግን አላስወጣም።

ባለሽበት የምታንኳኪው በር ሁሉ «ግቢ» የሚል ሰው አይጣ። ብርዱ አይድፈርሽ፣ ሥራሽ ይቅለልሽ፣ ሳቅሽን ማንም አይውሰድብሽ።

የእናትሽ ታናሽ፣ የአንቺ ትልቅ፣
አጎትሽ